በሦስት የበግ ልብ ስለተከሰሱት መምህርት

ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደተሟላ፣ እንቅልፍዎ እንዳልጎደለ፣ አዲሱ የሚዞረው የቢሮ ወንበርዎም ወገብዎን እንዳላሳመመዎ ተስፋ እያደረግሁ የከበረ ሰላምታዬን በሁለት እጄ አቀርባለሁ። እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ሱቅ ሞባይል ስልክ፣ ቻርጀርና የስክሪን መስታወት የምሸጥ ነጋዴ፣ የአንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አባት ነኝ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከመደርደሪያው ኋላ ተቀምጬ የዕለቱን ነገር በደብተር የማስፈር የቆየ ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች የማነሳቸውን ቃሎች ሁሉ በተባሉበት ቀን ጽፌ ያስቀመጥኳቸው መሆናቸውን፣ እርስዎም ማየት ቢፈልጉ ደብተሩ ሱቅ ውስጥ እንደሚገኝ በትሕትና አስታውቃለሁ።

የምጽፍልዎ የፊታችን ሐሙስ በሚመሩት የዲሲፕሊን ጉባኤ ፊት ስለሚቀርቡት የልጄ የሳይንስ መምህርት ጉዳይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማሩ ሴት ከክፍል ወጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት የስልክና የታብሌት ቻርጅ ተቆጣጣሪ እንዲሆኑ ሐሳብ መቅረቡን ሰምቼ፣ ይህን የመሰለ ጥበብ የተሞላበት ሐሳብ ያፈለቀውን አእምሮ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር መስሎ ስለታየኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አዘጋጅቻለሁ።

፩. ስለ ገበያዬ

የትምህርት ዘመኑ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ “የተጨመረ እውነታ” የተባለው አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ እንደሚጀመርና እያንዳንዱ ተማሪ ዘመናዊ ስልክ ይዞ እንዲመጣ የሚያዝዘው መመሪያዎ ደረሰ። ልጆቹ በክፍል ውስጥ አንድ የታተመ ካርድ ስልካቸው ላይ በተጫነ መተግበሪያ ሲያዩ ካርዱ ላይ ልብ ይነሳል፣ ይመታል፣ ይዞራል ተባለ። እኔም በሁለት ወር የማልሸጠውን ስልክ በአራት ቀን ሸጥኩ፤ ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ነገር የተጠቀመ ሰው ቢፈለግ ከእኔ በላይ ሩቅ መሄድ አያስፈልግምና ቅሬታዬን የተጎዳ ሰው ቅሬታ አድርገው እንዳይወስዱብኝ አደራ እላለሁ።

ከገዢዎቼ አንዷ በየሰው ቤት ልብስ እያጠቡ አንዲት ሴት ልጅ የሚያሳድጉ እናት ነበሩ። መመሪያዎን አራት አጥፈው በመቀነታቸው ይዘው መጥተው፣ አንተ ልጄ፣ ያንን ልብ የሚያሳየውን ስጠኝ፣ ሌላ ሌላውን ተወው አሉኝ። እማማ፣ ልቡ እኮ የሚነሳው ከካርዱ ላይ ነው ብላቸው፣ እንግዲያው ካርዱን ሽጥልኝ አሉ። ካርዱ ያለው ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ ነው አልኳቸው። እሳቸውም ትንሽ አስበው፣ ታዲያ ልቡ እነሱ ጋ ከሆነ እኔ ይህን ስልክ ምን ላደርገው ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔም ስልኩን ሸጥኩላቸው። በሦስተኛው ቀን ይዘውት ተመለሱ። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ስትከፍተው መተግበሪያው “ብቁ አይደለም፤ አልተፈቀደም” የሚል ጽሑፍ ብቻ አሳይቷት፣ እሷም ስለ ራሷ የተጻፈ መስሏት ቀኑን ሙሉ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ዋለች። ስልኩ መተግበሪያው የሚጠይቀው ዕቃ ውስጡ እንደሌለ መጀመሪያውኑ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ መልሼ ተቀብያቸዋለሁ። መመሪያዎ ግን የትኛው ዓይነት ስልክ እንደሚሠራ አንድ መስመር ቢጽፍ ኖሮ ገበያዬ ይቀንስ ነበርና፣ ያንን መስመር ስለዘለሉልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

፪. ስለ ካርዶቹ

ካርዶቹን እንዳይቀደዱ በማለት ጽሕፈት ቤትዎ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ አስለብጦ ላካቸው። ፕላስቲክ ብርሃን እንደሚመልስ፣ ብርሃን የመለሰ ካርድ ደግሞ ለስልክ ካሜራ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ እንደሚሆን ስልክ ሸጦ የሚያድር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን ማንም አልጠየቀንም። እናም ለሦስት ሳምንት የሳይንስ ክፍለ ጊዜ የሚጀመረው ተማሪዎቹ ካርዶቹን በጠመኔ ዱቄት እያሹ ብርሃናቸውን በማደብዘዝ ነበር። ልጄ ነጭ ቅንድብ ይዛ ወደ ቤት ስትመጣ እናቷ፣ ዛሬ ደግሞ የሳይንስ ነው የግድግዳ ቀለም ቅብ ትምህርት የተማራችሁት ብላ ጠየቀቻት።

በወላጆች ጉብኝት ቀን እኔም ተገኝቼ ነበር። ሃምሳ ስምንት ተማሪዎች፣ መተግበሪያው የተቀበላቸው ሃያ አንድ ስልኮች፣ አንድ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሶኬት። ከአርባ ደቂቃው ውስጥ አሥራ ሰባቱ ስልክ በመክፈት፣ ስምንቱ “አዲሱን እትም ያውርዱ” የሚለውን ትእዛዝ በመጠበቅ አለፉ። ስልክ ያላቸው ከፊት ተቀምጠው፣ የሌላቸው በእነሱ ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ የጓደኞቻቸውን ማጅራት እያጠኑ ቆዩ። እርስዎ በመካከላቸው አልፈው አንዱ ስልክ ላይ ልብ ሲመታ አይተው አጨበጨቡ፤ አብረውዎ የመጡትም አጨበጨቡ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት የፈጠሩት አባቶች ላሟን የሚያሳይ ስልክ ስላልነበራቸው ቢያንስ አላጨበጨቡም።

፫. ስለ ግራና ቀኝ

ጠመኔው ስልኮቹን ሲያበላሽ ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣው ባለሙያ መላ አገኘ። ተማሪው ለመስኮቱ ጀርባውን ይሰጣል፤ ካርዱ በክር ታስሮ ደረቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ይቆምና በፊት ካሜራው፣ ወጣቶቹ ራሳቸውን በሚያነሱበት ማለቴ ነው፣ ይታያል። ደረት ላይ ብርሃን ስለማይበዛ ካርዱ ተነበበ፤ ተራ የደረሰው ልጅ ሁሉም ሁለት ሁለት ደቂቃ ልቡ ከራሱ ደረት ላይ ሲመታ አየ። እውነት ለመናገር ልጄ በዚያ ቀን ደስ ብሏት ነበር የመጣችው።

ችግሩ የታየው በፈተና ላይ ነው። መምህርቷ ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ ሰው በወረቀት ላይ ሥላችሁ፣ ልቡን በቦታው አኑሩ፣ የግራውንና የቀኙንም ክፍል ለዩ አሉ። ከሃምሳ ስምንቱ ሃምሳ ሦስቱ የሰውዬውን ልብ በቀኝ ጎኑ አኖሩት። ቤት ስትመጣ ልጄን ያንቺ ልብ የት ነው ብላት ሳትሳሳት ግራ ደረቷን ነካች፤ ታዲያ የሥዕሉን ሰው ልብ ለምን ወደ ቀኝ ወሰድሽው ብላት፣ አባዬ ስልኩ ላይ እኮ በዚህ በኩል ነው ያየሁት አለችኝ። የፊት ካሜራ እንደ መስታወት ነው፤ ፊት ለፊትዎ የቆመ ሰው ግራ ከእርስዎ ቀኝ በኩል ሲሆን፣ መስታወት ግን ግራዎን በግራዎ በኩል ያሳያል። ልጆቹ ያዩትን መስታወት እንዳለ ገለበጡ፤ ያየውን በታማኝነት የጻፈ ልጅ አይወቀስም።

በትክክል ያኖሩት አምስቱ እነማን ናቸው ቢሉ፣ ስልካቸውን መተግበሪያው ያልተቀበላቸውና ተራ ያልደረሳቸው፣ ከአሮጌው የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን በእርሳስ የቀዱ ናቸው። ያቺ ብቁ አይደለሽም የተባለች የመሰላት ልጅ ከአምስቱ አንዷ ነበረች።

መምህርቷ በማግስቱ የፈተና ወረቀቶቹን አቅፈው ሱቄ መጡ። ምንም ሊገዙ እንዳልመጡ አስቀድመው ይቅርታ ጠይቀው፣ አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ስልክ ግራና ቀኙን ያውቃል ወይ አሉኝ። የፊት ካሜራ ከፍቼ ቀኝ እጅዎን ያንሱ አልኳቸው። አነሱ፤ አዩት፤ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ተቆረጠና፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ግራውን ግራ ስል ኖሬ በአንድ ወር አስገለበጡኝ ብለው ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። በዚያው ቀን ስሕተቱን በዝርዝር ጽፈው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ላኩ። የተላከላቸውን መልስ አይቼዋለሁ፤ ጉዳዩ በቀጣዩ እትም እንደሚታይ ይናገራል። የጽሕፈት ቤትዎ የሩብ ዓመት ሪፖርት ግን ቀጣዩን እትም አልጠበቀም፤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንደተለጠፈው፣ ከመቶ ዘጠና አንዱ ተማሪዎች ተመሳሳይ ምላሽ መስጠታቸው “የግንዛቤ ወጥነት መፈጠሩን በጉልህ ያሳያል”። ሁሉም በአንድነት መሳሳታቸውን በዚህ ውበት የገለጸውን ጸሐፊ ሱቄ ብቀጥረው የተሰነጠቀ ስክሪንም ይሸጥልኝ ነበር።

፬. ስለ ወንጀሉ

መልሱ በደረሳቸው በሁለተኛው ቀን መምህርቷ ከሥጋ ቤት ሦስት የበግ ልብ በገዛ ገንዘባቸው ገዝተው፣ አጥበው፣ ክዳን ባለው ባልዲ ይዘው ክፍል ገቡ። ሦስት የእንጨት መክተፊያ፣ አንድ ስለት፣ ሁለት ሳሙናና አንድ ጄሪካን ውሃም ነበራቸው። ስልኮቹን በሙሉ በአንድ ካርቶን ሰብስበው ጠረጴዛ ሥር አኖሩ።

የሆነውን ልጄ ምሳ ሳትበላ ነው የነገረችኝ፤ ቆማ፣ እጆቿን እያንቀሳቀሰች። መጀመሪያ ማንም መንካት አልፈለገም። የክፍሉ ቀልደኛ ልቡን ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ ቲቸር ይሄኛው ቻርጅ አይፈልግም እንዴ ሲል ሳቁ፤ በሳቁ መሃል ቀረቡ። መምህርቷ ቀደው ከፈቱላቸውና፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በጣታችሁ ግድግዳውን ቆንጥጡት፣ ወፍራሙ ግራው ነው፣ ምክንያቱም ደሙን እስከ እግር ጥፍር የሚገፋው እሱ ነው፣ ቀኙ ግን ጎረቤቱ እስካለው ሳንባ ድረስ ብቻ ስለሚልክ ስስ ነው አሏቸው። ሃምሳ ስምንቱም በየተራ ቆነጠጡ። ባልተቀደደው ልብ ቧንቧ ውስጥ ደግሞ ውሃ ሲያፈሱበት፣ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ቫልቮች ተዘግተው ውሃው ወደ ልቡ አልመለስ ብሎ ቧንቧው አፍ ድረስ ሞልቶ ቆመ። ልጄ ይህን ስትናገር ድምፅዋ ቀነሰ። አባዬ፣ በር አለው እኮ፣ የእውነት በር፣ ማንም ሳይዘጋው ይዘጋል አለችኝ። ከዚያ እጇን ታጥባ በላች።

ክቡር ሆይ፣ በሳምንቱ በተደገመው ፈተና ሃምሳ ስድስቱ ልቡን በቦታው አኖሩ። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ታሞ ቀርቶ ነበር።

፭. ስለ ክስ ወረቀቱ

የክሱን ግልባጭ መምህርቷ ሊያሳዩኝ አልፈለጉም፤ ያገኘሁት በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ስለለጠፋችሁት ነው። ቃል በቃል፣ “ፈቃድ ያልተሰጠው የእንስሳት አካል ወደ ዲጂታል ክፍል በማስገባት፣ የተማሪዎችን ስነ ልቦና ሊጎዳ የሚችል አስጸያፊ ተግባር በመፈጸምና የመንግሥት ካርዶችን ከአገልግሎት ውጪ በማድረግ” ይላል።

አስጸያፊ የሚለውን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ሱቅ መክፈት የለበትምና ነገርን አቀዝቅዤ ማየት ለምጃለሁ። ይህን ወረቀት አንብቤ ግን ቀፈፈኝ። የቀፈፈኝ የበጉ ልብ አልነበረም። አንድ መሣሪያ በፊታቸው እየተሳሳተ ሳለ ስሕተቱን በነገሯቸው ሴት ላይ ክስ መጻፋቸው ቀፈፈኝ። ለተገለበጠ ልብ “ወጥነት” የሚል ስም የሰጠው ንጹሕ ወረቀት፣ ማኅተሙ፣ ፊርማው፣ ከታች “ግልባጭ ለሁሉም” የምትለዋ ቃል አንገሸገሸኝ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ እጁ ሳይቆሽሽ ስለ ንጽሕና የሚያስተምር ሰው ከሥጋ ቤት ወለል የባሰ ይሸታል።

ሌላው የምስክርነት ጉዳይ ነው። ተማሪዎች ምስክርነት መስጠት የሚችሉት በዚያው መተግበሪያ በኩል ብቻ እንደሆነ ማስታወቂያው ይገልጻል። ልጄ ከዓርብ ጀምራ ሞከረች፤ የእኔን አዲስ ስልክ፣ የእናቷን ስልክ፣ ሱቅ ውስጥ ያሉትንም በየተራ ሰጠኋት። “እባክዎ ይጠብቁ” ይላል፤ ጠበቅን። ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ጊዜው ተዘጋ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድም ምስክርነት አለመድረሱን ጽሕፈት ቤትዎ ወዲያው አስታወቀ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ያሳያችሁት ፍጥነት ለስሕተቱ ማረሚያ ተመድቦ ቢሆን ኖሮ በግ ባልታረደ ነበር።

እኔ የስልክ ጠላት አይደለሁም፤ እንጀራዬ ነው። መምህርቷም አይደሉም። ክስ ከመድረሱ በፊት አንድ ቀን መጥተው፣ የበጉ ልብ ሞቷልና አይመታም፣ ሲመታ ለማሳየት ስልኩ ይሻለኛል፣ በኋላ ካሜራው እንዲሠራ ካርዶቹን በማያብረቀርቅ ወረቀት ብናሳትማቸውስ ብለው አማክረውኛል። ከጎረቤቴ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ጋር ሞክረነው ሠርቷል፤ አንድ ቅጠል ተራ ወረቀት ብቻ ነው የፈጀው። መምህርቷ ይህንንም ለጽሕፈት ቤትዎ ጽፈው ነበር፤ ይኸው ደብዳቤ በክሱ ላይ “ያለ ፈቃድ የካርድ ቅጂ ማዘጋጀት” ተብሎ ሁለተኛ ጥፋት ሆኖ ተመዝግቦ አየሁት።

ስለዚህ የምለምንዎ ጥቂት ነው። ክሱ ይነሳ። መምህርቷ ወደ ክፍላቸው ይመለሱ። ባለሙያዎ የፊትና የኋላ ካሜራን መለየት ቢቸገር ሱቄ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው፤ ያለ ክፍያ አሳየዋለሁ።

ይህን ሁሉ አንብበው ለመጨረስ ውድ ጊዜዎን በመሠዋትዎ፣ በአስተዳደርዎ ዘመን ለሱቄ ላመጡት በረከት፣ ልጆቻችንንም ለማይነካ ነገር ማጨብጨብ ስላስተማሩልን ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ወንበርዎ በዞረ ቁጥር ወደ ደግ አቅጣጫ እንዲያዞርዎ ከነቤተሰቤ የምመኝ፣

አክባሪዎ፣
ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ስልክ ሻጭ

ማስታወሻ፦ መተግበሪያው እንቢ ስላለ አርባ አንድ ተማሪዎች ምስክርነታቸውን በወረቀት፣ በእጃቸው ጽፈው፣ ወላጆቻቸው ፈርመውበት ትናንት ለመዝገብ ቤትዎ አቅርበን ነበር። ጸሐፊዋ ወረቀት አንቀበልም፣ ተከልክለናል ብለው በጨዋነት መለሱልን፤ እሳቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። ወረቀቶቹ አሁን እኔ ዘንድ ናቸው። ሐሙስ ጉባኤው ሦስት ሰዓት ላይ ሲጀመር ወላጆች ውጪ እንድንቆም መታዘዙን ስለሰማን፣ ከጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ቆመን አርባ አንዱንም፣ አንድ በአንድ፣ ከነልጆቹ ስም ጮክ ብለን እናነባቸዋለን። ከስልክ ሌላ ድምፅ ማጉያም እሸጣለሁ፤ ትልቁን ለዚሁ ቀን አስቀርቼዋለሁ። የቢሮዎ መስኮት በበሩ በኩል ስለሆነ፣ ለመስማት ብለው ከወንበርዎ እንዳይነሱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።